የሐጂ ሙሐመድኑር ነጭ ዱቄት

ከመተማ ማዶ፣ በሱዳን ምድር ባለችው ባሱንዳ ውስጥ የማይታማ ሽማግሌ ቢኖር ሐጂ ሙሐመድኑር ናቸው ይባላል። እሳቸው አይታሙም፤ ፍየሎቻቸው ግን ይታማሉ። ፍየሎቹ ከመወፈራቸው የተነሳ በገበያው መሐል ሲያልፉ ሁለት እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ ያለከልካሉ፣ ደግሞ ይሄዳሉ። ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ሐጂ የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። ከወፍጮው አጠገብ ማሽላ የሚፈትግ ሌላ ማሽን አላቸው፤ ማሽላው በዚያ ሲያልፍ ልብሱን አውልቆ ነጭ ሆኖ ይወጣና ከዚያ በኋላ ይፈጫል። ልብሱ፣ ማለት እኛ ፉርሽካ ሱዳኖቹ ረዳ የሚሉት፣ ለወፍጮ ቤቱ ይቀራል። ደንቡ ነው፤ ጠይቆበት የሚያውቅ ሰው የለም። እንግዲህ የአገሩ ሁሉ ማሽላ ልብስ የሚገባው የሐጂ ፍየሎች ሆድ ውስጥ ነው።

ሐጂ በዚህ ወፍጮ ይኮሩበታል። ከገዳሪፍ የሚመጣ ነጋዴ ቤታቸው ሲጋበዝ መጀመሪያ የሚያሳዩት ዱቄቱን ነው፤ በመዳፋቸው ዘግነው ለፀሐይ ይዘውለት፣ ከሐጂ ሙሐመድኑር ወፍጮ ጥቁር ዱቄት አይወጣም ይሉታል። ይህን ሲሉ የሰሊጥ ነጋዴው ኢሀብ፣ ማዕዳቸው ላይ የማይጠፋው ወዳጃቸው፣ ወላሂ እውነት ነው እያለ ይመሰክርላቸዋል። ኩራቱ ግን ከንግድ የመጣ አይደለም። ሐጂ ልጅ ሳሉ በመተማ በረሃ አንድ ክፉ ዓመት አልፎባቸዋል፤ ያን ዓመት እናታቸው ያልተፈተገ ማሽላ፣ እሱንም ሲገኝ፣ በድንጋይ ፈጭተው ያበሏቸው ነበር። ድንበሩን ተሻግረው ሰው ከሆኑ በኋላ፣ በእኔ ቤት እንዲያ ያለ እህል አይበላም ብለው ማሉ። መሐላቸውን ጠብቀዋል።

አሁን ደግሞ ሌላ የሚጠብቁት ምሥጢር ነበራቸው። ከሰሊጡ አጨዳ ጀምሮ፣ ወደ ውጭ ሲወጡ ደም ያያሉ። መጀመሪያ ሲያዩት በርበሬ ነው አሉ። ሲደጋገም ኪንታሮት ነው አሉ። ለሚስታቸው ለባሕሪያ አልነገሩም፤ በዚህ ዕድሜ ስለ መቀመጫ ማውራት ነውር ነው ብለው ሆድ ይፍጀው አሉት። ቀበቷቸው ሁለት ቀዳዳ ገባ። ባሕሪያ ጾም አበዙ እንዴ ስትላቸው፣ ሽማግሌ መቅለሉ ለመቃብር ቆፋሪው ደግ ነው ብለው ያስቋታል። ሰው የገዛ ነፍሱን ነገር እንዲህ በቀልድ ሸፍኖ ሲያልፈው ማየት ያናድዳል፤ ግን ማናችን ነን ያላደረግነው?

አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ ዋፋ ከበሩ ስትወጣ ገጠመቻቸው። ዋፋ የጣሃ ልጅ ናት። ጣሃና ሐጂ ድንበሩን የተሻገሩት አብረው ነው፤ በአንድ ምንጣፍ ተኝተው በአንድ ትሪ በልተው የኖሩ፣ ወንድም ከወንድም የማይዋደደውን ያህል የተዋደዱ ሰዎች ነበሩ። ጣሃ ካቻምና በአንጀት ካንሰር ሞተ። ልጅቷ በካርቱም የምግብ ነገር የሚያስተምር ትምህርት ቤት ገብታ ጨርሳ፣ ሥራ ይዛ፣ ጦርነቱ ከተማዋን ሲያቃጥላት ወደ እናቷ የተመለሰች ናት። አሁን ገዳሪፍ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኞችን ይህን ብሉ ያን ተዉ እያለች ትመክራለች፤ ለጁምዓ ወደ ባሱንዳ ትመጣለች። ሁለት ከረጢት ይዛ ነበር፤ በአንዱ ዱቄት፣ በሌላው ቡናማ ነገር።

በወግ ተሳለሙ፤ እሷ አሚ፣ አጎቴ፣ ብላ ነው የምትጠራቸው። ሐጂ ስለ እናቷ ስለ ናጂያ ደህንነት ጠየቁ፤ ደህና ናት አለች። ከዚያ ዐይናቸው ሁለተኛው ከረጢት ላይ አረፈ።

“ይኼ ምንድን ነው፣ ልጄ?”

“ፉርሽካው ነው፣ አሚ ሐጂ። ከራሳችን ማሽላ የወጣው ነው። ሳይፈተግ ፍጭልን ብዬ ብጠይቀው አየነው አሻፈረኝ አለ፤ የሐጂ ትእዛዝ ነው አለኝ። እንግዲያው ልብሱን ስጠኝ ብዬ ለምኜ ነው የሰጠኝ። እንዳይቆጡት።”

አየነው ወፍጮውን የሚያንቀሳቅስ የጎንደር ሰው ነው። ሐጂ ምን በወጣው እቆጣዋለሁ አሉ። “ፍየል ገዛችሁ ማለት ነዋ፤ ማብሩክ!”

“ፍየል እንኳ የለንም። ለእኛው ነው” አለችና፣ ለሻይ ሰዓት እንዳይረፍድባት ቸኩላ ነበርና፣ ተሰናብታቸው ሄደች።

ሐጂ እበሩ ላይ ቆመው ቀሩ። የጣሃ ቤት ሰዎች የፍየል ምግብ ይበላሉ! ይህን ጊዜ ብልህ ሰው ቢሆን ተከትሎ፣ ለምን ልጄ ብሎ ይጠይቅ ነበር። ሐጂ ግን ጨዋ ናቸው፤ ችግረኛን ስለ ችግሩ መጠየቅ በእሳቸው ዘንድ ማዋረድ ነው። ምሳ ላይ ነጩን ኪስራ፣ የማሽላውን ስስ እንጀራ፣ ሳይጨርሱ ትሪውን ገፉት። ለባሕሪያ ነገሯት። እሷም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ማታውን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከወፍጮው ሁሉ የነጣውን ዱቄት አንድ ጆንያ ሙሉ በአህያ ጋሪ አስጭነው ላኩ። ጋሪ ነጂውን፣ ማን እንደላከው እንዳትናገር ብለው አስጠነቀቁት። ጋሪው ናጂያ ደጅ ከመድረሱ በፊት ባሱንዳ በሙሉ ያውቅ ነበር።

በማግስቱ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሐጂ በወፍጮ ቤቱ ፊት ካለው የኒም ዛፍ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ያው ጋሪ ያንኑ ጆንያ ይዞ መጣ። ከጎኑ ዋፋ በእግሯ ትራመዳለች። ሐጂ ደነገጡ፤ የላኩት ስጦታ ሲመለስባቸው በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ነው።

“አሚ ሐጂ፣ ይህን የላኩት እርስዎ ነዎት?” አለች ጎንበስ ብላ ከተሳለመች በኋላ።

“ማን አለሽ?”

“ጆንያው ላይ የወፍጮ ቤትዎ ስም ተጽፎበታል።”

ሐጂ ጆንያውን አዩት። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ተቀመጪ አሏት። ተቀመጠች።

“አላህ ይስጥልን። እናቴ እያለቀሰች ነው የመረቀችዎት” አለች። “አባቴ ቢኖር ይህን የሚያደርግለት ወንድም እንዳለው ያይ ነበር። ግን አፉ ይበሉኝ፤ እኛ ችግር ገብቶን አይደለም ፉርሽካ የምንበላው። የአባቴ በሽታ ነው ያስበላን።”

“የጣሃ በሽታ ከአላህ የመጣ ነው። ዱቄት ምን አደረገ?”

“ነጭ ዱቄት ገደለው አልልም። እንዲያ ብል እዋሻለሁ። ካንሰር ብዙ በር አለው፤ ዕድሜ አለ፣ ዘር አለ፣ ትንባሆ አለ። የአባቴን ሲጋራ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል። እኔ የምለው፣ ከበሮቹ አንዱን በትንሽ ነገር ገርበብ ማድረግ ከተቻለ ለምን ክፍቱን እንተወዋለን ነው። ብዙ አገር ያሉ ሐኪሞች እጅግ ብዙ ሰው ለረጅም ዓመታት ተከታትለዋል። እህሉን ከነልብሱ አዘውትረው የሚበሉት ሰዎች በአንጀት ካንሰር የሚያዙት ከሌላው አንሰው ነው የተገኙት። በዘር ደግሞ እኛ የጣሃ ልጆች ከሌላው ይልቅ መፍራት አለብን። ስለዚህ ነው።”

ሐጂ ፈገግ አሉ፤ የትልቅ ሰው፣ የታጋሽ ፈገግታ። ይህን ክርክር በአንድ ቃል እንደሚጨርሱት አልተጠራጠሩም።

“ስሚኝ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ። አላህ ፍሬውን ለሰው፣ ልብሱን ለከብት ሰጠ። ሁሉም ድርሻውን ሲበላ ነው ዓለም የሚያምረው።”

“አላህ የሰጠንማ አንድ ላይ አድርጎ ነው፣ አሚ ሐጂ። ልብሱን ከፍሬው የለየው የእርስዎ ማሽን ነው።”

በሩ ላይ ቆሞ የሚሰማው አየነው ወደ ውስጥ ገባ፤ ሳቁን ለመደበቅ ነው። ሐጂ ግን አልሳቁም። አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ሼሁ በረመዳን ሲያስተምሩ፣ በነቢዩ ቤት ወንፊት እንዳልነበረ፣ የገብሱን ዱቄት እፍ ብለው የበረረው በርሮ የቀረውን ያቦኩት እንደነበር ተናግረው፣ እሳቸውም ያን ዕለት አልቅሰው ነበር። አልቅሰው ሲያበቁ ወደ ቤት ሄደው ነጭ ኪስራ በሉ። ይህን ግን ለልጅቷ አልነገሯትም።

“እሺ” አሉ፣ “ይህ ገለባ ሆድ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል? አይፈጭ፣ አይዋሃድ። እንደገባ ይወጣል።”

“ጥቅሙ አንዱ እሱ ነው። እኛ በትምህርት ቤት አሰር እንለዋለን። ሆድ አይፈጨውም፤ ውሃ ይዞ ያብጥና ቆሻሻውን አግተልትሎ ቶሎ ይወጣል። ቆሻሻ አንጀት ውስጥ በሰነበተ ቁጥር ግድግዳውን ይጎዳል። ሁለተኛው ግን ይበልጣል። የኪስራ ሊጥ ሲቦካ ያውቃሉ፤ ማታ የተለወሰው ጠዋት ኩፍ ብሎ ይገኛል። ማን አቦካው? ዐይን የማያያቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። በአንጀታችን መጨረሻም እንዲሁ ያሉ አሉ፤ ቀለባቸው ይኸው አሰር ነው። እሱን አቡክተው የሚያወጡት ኮምጣጣ ነገር የአንጀትን ግድግዳ ይመግባል፤ መንገድ የሳተ ሕዋስ እንዳይባዛ ያግዛል ይላሉ የመረመሩት። እኛ ነጩን ብቻ ስንበላ እነዚያ ፍጥረታት ጾማቸውን ያድራሉ።”

“የእኔ ፍየሎች ይህን ሁሉ ሲያውቁ ኖረዋላ።”

“ፍየሎችዎ ጤነኞች ናቸው” አለች ዋፋ፤ በዚህ ሁለቱም ሳቁ።

ሳቁ ሲያልፍ የሐጂ ፊት ተለወጠ። ክርክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባላቸው፤ ግን ልባቸው ውስጥ ያለው አልወጣም ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለዚያ ክፉ ዓመት ነገሯት። እናታቸው የፈጩትን ያን ጥቁር ዱቄት፣ አፋቸው ውስጥ እንደ አሸዋ ሲንኮሻኮሽ፣ ታናሽ እህታቸው እሱንም አጥታ ለዘላለም ስታሸልብ። “አንቺ የጥጋብ ዘመን ልጅ ነሽ” አሏት። “ነጭ ዱቄት ለእኔ ዱቄት አይደለም። እንግዳ ቤቴ መጥቶ ነጭ ሲበላ፣ ያ ዓመት አለፈ ማለት ነው።”

ዋፋ ቀረብ ብላ ተቀመጠች። ዐይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

“እኔም ረሃብን ከካርቱም እስከ መደኒ ባለው መንገድ ላይ አይቼዋለሁ፣ አሚ ሐጂ” አለች። “እህል ባለቀበት ሱቅ ደጅ፣ ሰው የወደቀ ፍርፋሪ ሲለቅም አይቻለሁ። እህትዎን አላህ በጀነት ያኑርልዎት። ግን ያን ጊዜ እናንተን የጎዳችሁ የእህሉ ማነስ ነው እንጂ ልብሱ አይደለም። ልብሱማ በዚያች ጥቂት እህል እስከ ማታ ረሃቡን ያስታገሰላችሁ እሱ ነው። እናትዎ ያላቸውን ሁሉ፣ ምንም ሳያስቀሩ ነው ያበሏችሁ።”

ሐጂ እናታቸውን እንዲህ አስበዋቸው አያውቁም ነበር። ሁልጊዜ በዚያ ዱቄት ያፍሩባቸው ነበር። ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው አነሱና ትንኝ ገባብኝ አሉ። ዋፋም አዎ፣ በዚህ ወር ትንኝ ይበዛል አለች።

ጋሪ ነጂው ጆንያው ላይ ተጋድሞ እንቅልፍ ወስዶታል። ሐጂ ከዘራቸውን መሬቱ ላይ እያሽከረከሩ ቆዩና፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ወደ ወፍጮው እያዩ ጠየቁ።

“አንድ ጓደኛ አለኝ። ወደ ውጭ ሲወጣ ደም ያያል። ይህን ፉርሽካ ቢበላ ይቆምለታል?”

ዋፋ ቀና ብላ አየቻቸው። የላላውን የአንገታቸውን ቆዳ አየች፤ አባቷ በመጨረሻው ዓመት እንዲያ ነበር። ነገሩ ገባት። ሆኖም አዋቂ ልጅ ናትና ነገሩን በያዙት በኩል ያዘችው።

“ጓደኛዎ ከጀመራቸው ቆየ?”

“ከሰሊጡ አጨዳ ወዲህ ነው፣ ይመስለኛል። በደንብ አልጠየቅሁትም።”

“ከስተዋል?”

“ትንሽ።”

“ለሰው ነግረዋል?”

“ነውር አይደለም እንዴ? የት ቦታ ብሎ ይናገራል? ኪንታሮት ነው ይላል እሱ።”

“ኪንታሮት ሊሆን ይችላል። ያድርግላቸው። ግን ኪንታሮት መሆኑን የሚያውቀው ያየው ሐኪም እንጂ ያመመው ሰው አይደለም።” ወደ እሳቸው ዞረች። “አሚ ሐጂ፣ ለጓደኛዎ ይህን ይንገሩልኝ። ፉርሽካ መድኃኒት አይደለም። የጤነኛ ሰው አጥር ነው። አንዴ አንጀቱ ላይ እባጭ ለበቀለበት ሰው ፉርሽካ ብቻ ለይተው ሰጥተው የሞከሩ ሐኪሞች ነበሩ፤ እባጩ እንደገና ከመብቀል አላገደውም። ሌባ ከገባ በኋላ አጥር ማጠር ሌባውን አያስወጣውም። ጓደኛዎ መጀመሪያ ይመርመሩ። ፉርሽካው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።”

“የሞት ቀን ከተጻፈ ሐኪም አይፍቀውም።”

“አይፍቀውም። ግን ግመሉን ሳያስር በአላህ ተመካሁ ያለ ሰው ግመሉ ሲጠፋ ማንን ይከሳል? አባቴ ደም ያይ ነበር፤ ደበቀን። እናቴ እንኳ አላወቀችም። ሲነግረን ጉበቱ ድረስ ደርሷል። ሐኪሙ መጀመሪያ የታየ ጊዜ ብትመጣ በቀላሉ ይወጣ ነበር ሲለው፣ አባቴ ምን አለ መሰለዎት? ‘ለሙሐመድኑር ልነግረው ነበር፤ አፈርኩት’ አለ።”

ይህን ሲሰሙ የሐጂ እጅ ከዘራው ላይ ቆመ። ከወንድም ይልቅ የቀረበ ሰው፣ በአንድ ትሪ እየበሉ፣ አንዱ ከሌላው አፍሮ ሞተ። እሳቸውም በዚያው መንገድ እየሄዱ ነበር፤ ያውም እሱ በሄደበት ኮቴ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል ስንት ጊዜ ሰምተው፣ ስንቱን መክረውበት ነበር!

“ይህን ምርመራ የሚያደርግ አለ?” አሉ።

“ገዳሪፍ አለ። ከካርቱም የተፈናቀለ ሐኪም ነው፤ በቀጭን ቱቦ አንጀትን ያያል። ሰው አክባሪ ነው። እኔ እሑድ ጠዋት እበሩ ላይ እጠብቃቸዋለሁ፣ ጓደኛዎን።”

“እነግረዋለሁ” አሉ ሐጂ።

እሑድ ጠዋት ዋፋ ከሆስፒታሉ በር ፊት ቆማ ነበር። ከባሱንዳ የመጣው መኪና ቆመ፤ ሰው ወረደ፤ በመጨረሻ ሐጂ ሙሐመድኑር የጁምዓ ጀላቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ብቻቸውን ወረዱ። ተሳለመቻቸው።

“ጓደኛዎስ?” አለች በቀስታ።

ሐጂ መሬት መሬቱን አዩ። “መጥቷል” አሉ።

ምርመራው ምን እንደሚመስል እዚህ አንናገርም፤ ሐጂ እስከ ዛሬ አይናገሩትም፣ እኛም ምሥጢራቸውን እንጠብቅላቸዋለን። ሐኪሙ አንጀታቸው ውስጥ የወይራ ፍሬ የምታህል ሥጋ አገኘ፤ በዚያው በቱቦው ቆርጦ አወጣት። ለምርመራ ተላከችና ውጤቱ እስኪመጣ ሐጂ እንቅልፍ አጡ፤ ያኔ ለባሕሪያ ነገሯት፣ እሷም መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ለሰው ያልተነገረ ስድብ ሰደበቻቸው። ውጤቱ መጣ። ገና ካንሰር አልሆነችም፤ ልትሆን ግን መንገድ ጀምራ ነበር። ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ አለ ሐኪሙ፣ ቃሉንም አልጨረሰውም። ሐጂ አልሐምዱሊላህ ብለው እዚያው ወንበር ላይ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ዋፋ ለራሳቸው ያለቀሱ መስሏት ልታጽናናቸው ስትል፣ “ጣሃም እኮ እንዲህ ሊወጣለት ይችል ነበር” አሏት። እሷም አብራቸው አለቀሰች። ሐኪሙ በየጊዜው እየመጡ እንዲታዩ አዘዘ፤ ሐጂም አንድም ቀጠሮ አላጓደሉም።

የሰው ልብ አንዴ ከዞረ ይዞራል። ሐጂ ሲመለሱ ፉርሽካውን በአንድ ቀን በጭልፋ ሊውጡት ተነሱ፤ ሆዳቸው ተነፍቶ ሲያቃስቱ አደሩ። ዋፋ ሰምታ ተቆጣቻቸው፤ ጥቂት በጥቂት ነው፣ ውሃም አብዝተው ይጠጡ፣ ያለ ውሃ አሰር መልሶ ያደርቃል አለቻቸው። ከወለል የተጠረገ የከብት ፉርሽካ ደግሞ ሻጋታና አቧራ አለበትና ለሰው አይሆንም፤ ዋናው ነገር ልብሱን ለይቶ መልሶ መጨመር ሳይሆን መጀመሪያውኑ አለማውለቅ ነው አለች። እኔ በጨነቀኝ ጊዜ ያደረግሁትን እርስዎ ወፍጮ እያለዎት ለምን ያደርጉታል ስትላቸው ሐጂ አፈሩ።

ስለዚህ የወፍጮ ቤቱ ደንብ ተገለበጠ። አየነው አሁን እህል ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ ይፈተግ ወይስ ከነልብሱ ብሎ ይጠይቃል፤ የሚፈተግም ከሆነ ፉርሽካው የባለቤቱ ነው። መጀመሪያ ሰው ሳቀ። ሴቶቹ ኪስራው ይጠቁርብናል፣ ዶካው፣ ምጣዱ፣ ላይ ይቆራረጣል ብለው አጉረመረሙ። ባሕሪያ ናት ያስተማረቻቸው፤ ሊጡን አላልታ፣ ትንሽ አብዝታ ማቡካት ለመደች፣ አሲዳውም፣ ገንፎው ማለት ነው፣ ከድሮው ይልቅ ሆድ የሚይዝ ሆነ። ሐጂ ራሳቸው ኒሙ ሥር ተቀምጠው ለሚሰማቸው ሁሉ ያወራሉ። ድሮ ሰው እህሉ ሲፈተግ ይጎድልበት ነበር፤ አሁን ያው እህል ለብዙ ቀን ይበቃል፣ አንዴ የበላ ቶሎ አይርበውም፣ ሆዴ ደረቀ እያለ ኪኒን ፍለጋ ገዳሪፍ የሚመላለሰው ሽማግሌ እቤቱ ተቀምጧል ይላሉ። ከዚያ ጣታቸውን አንስተው፣ “ግን ደም ያየ ሰው ወደ ሐኪም እንጂ ወደ ወፍጮ ቤቴ እንዳይመጣ” ብለው ይጨርሳሉ። ፍየሎቹ ከሱ። አሁን ገበያውን ሳያርፉ ያቋርጡታል፤ የሰው ሰሊጥ ውስጥም መግባት ስለጀመሩ ሐሜታቸው አልቀረም።

ለዒዱ ኢሀብ እንደ ልማዱ ተጋብዞ መጣ። ትሪው ቀረበ፤ ኪስራው ቡናማ ነው። ኢሀብ አንዴ ኪስራውን፣ አንዴ የሐጂን የላላ ጀላቢያ አየ፤ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ጨዋ ነው። ጥቂት ቀምሶ፣ ሥራ አለብኝ ብሎ ተነሳ። በማግስቱ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አንድ የአህያ ጋሪ ሐጂ ደጅ ቆመ። የተጫነው አንድ ጆንያ፣ እንደ ጥጥ የነጣ የስንዴ ዱቄት ነው። ጋሪ ነጂው ማን እንደላከው አልናገርም አለ።

ባሕሪያ እንዴት ተዋረድን ብላ ልትጮህ ስትል ሐጂ ሳቅ ገድሏቸው አገኘቻቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ከዘራቸውን አንስተው፣ ጋሪውን አዙር አሉት፣ ከጎኑ በእግራቸው እየተራመዱ ወደ ኢሀብ ሱቅ ሄዱ።

ኢሀብ ጆንያውን ሲያይ ፊቱ ቀላ። ሐጂ አስቀመጡትና ሁሉን ነገሩት፤ ስለ ልብሱ፣ ስለ አሰሩ፣ ስለ ጣሃ፣ ስለዚያች ወይራ ስለምታህለው ሥጋ። ምንም አልደበቁም፤ የት ቦታ እንደሆነ እንኳ በስሙ ጠሩት። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ኢሀብ የሚዛኑን ሰሐን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ንጹሕ ነበር፣ ግን ጠረገው።

“ሐጂ” አለ ቀና ሳይል፣ “እኔም አንድ ጓደኛ አለኝ።”

ሐጂ ሙሐመድኑር እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉ።

“ነገ ጠዋት መኪና ተራው ጋ እጠብቀዋለሁ” አሉት። “አብሬው እሄዳለሁ።”